የታችኛው ቫልቭ

ብርነሽን በስሟ የሚጠራት ሰው ከሀና ማርያም እስከ ለቡ ቢፈለግ አይገኝም። ሰፈሩ «ውሃዋ» ነው የሚላት። «ውሃዋ መጣች» ከተባለ እኩሉ ጄሪካን ይዞ ሊለምናት፣ እኩሉ ወገቡን ይዞ ሊቆጣት ይወጣል። ሥራዋ የፈረቃ ውሃ መልቀቅና መዝጋት ነው፤ ቁመቷን የሚያህል የብረት ቁልፍ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረች ቫልቭ ታዞራለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ሳታዞር ማንም ፊቱን አልታጠበም። ይህን የሚያህል ሥልጣን ይዛ ያጠለቀችው ቦቲ ግን ራሱ ውሃ ያስገባል።

ድሮ ለብቻዋ አልነበረችም። የላይኞቹ ቫልቮች የእሷ ነበሩ፤ ከወንዙ አፋፍ ላይ ያለው አሮጌው የታችኛው ቫልቭ ደግሞ የምትኩ። ምትኩ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ምሳውን ሳያካፍል የማይበላ ሰው ነበር። ሁለቱ አንድ ወግ ነበራቸው። አንዱ ለጥገና ጉድጓድ ሲወርድ ሌላው ቫልቩ ጋ ይቆምና ቧንቧውን በቁልፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። ታች ያለው ሦስት መትቶ ካልመለሰ ቫልቭ አይነካም። ጉድጓድ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ብረት ግን ድምፅ ያደርሳል። ምትኩ ሲመልስ ሁለቱን ፈጠን፣ ሦስተኛውን ዘግየት ያደርጋል። የቤቱን በር የሚያንኳኳውም እንደዚያው ነበር፤ ሚስቱ በቀለች ማን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ በወንዙ ዳር ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ማፍሰስ ጀመረ። ምትኩ መሰላሉን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከመውረዱ በፊት «የታችኛውን አንቺ ዝጊልኝ» አላት። ከዚያ በፊት ያንን ቫልቭ ነክታው አታውቅም። መታች። መለሰላት፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። ከዚያም ቁልፉን አስገብታ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ አልዞር እስኪላት ድረስ አዞረችው።

ቫልቭ ሲዘጋ የውሃው ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ይቆረጣል። ያን ቀን ድምፁ ወፈረ።

ዝናቡ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ደግሞም ዝናቡ መጥቶ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ደርሶ ድልድዩንም፣ ቧንቧውንም፣ የጉድጓዱን ክዳንም ይዞ ሄደ። ምትኩ በሦስተኛው ቀን በጀሞ በኩል፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ቦታ ተገኘ። ሰው ሁሉ ጎርፍ ወሰደው አለ፤ እውነትም ወስዶታል። ጎርፉ ሲደርስ በሕይወት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ያ ጥያቄ ለብርነሽ ብቻ ቀረ።

በሳምንቱ ቅጽ የያዘ ሰውዬ መጥቶ ጉዳት መዘገበ። የታችኛው ቫልቭ በምን ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ጠየቃት። «ተዘግቷል» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሰውዬው ጻፈና ሄደ። ያቺ ቃል ከቅጹ ወደ ጥናቱ፣ ከጥናቱ ወደ ሪፖርቱ፣ ከሪፖርቱ ወደ በጀት ጥያቄው ተገለበጠች። በየደረጃው ማኅተም ስላረፈባት ማንም ሊጠረጥራት አልቻለም። መንግሥት በጎርፍ የተጎዱ የውሃ መስመሮች ይጠገኑ፣ ይጠናከሩም ብሎ በጀት ሲፈቅድ፣ የብርነሽ ውሸት ከነሙሉ ክብሯ እዚያ ወረቀት ላይ ተቀምጣ ነበር።

በጀቱ እስኪደርስ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ሁለት ክረምት በቦቴ ውሃ ኖረ። ብርነሽ ደግሞ ድምፅ መስማት ጀመረች። መጀመሪያ በቤቷ ቧንቧ ነው፤ ልብስ እያጠበች ሳለ ከግድግዳው ውስጥ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። አየር ነው አለች። ቧንቧ አየር ሲይዝ እንደሚያንኳኳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጇ ቤት ምሳ ተጋብዛ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰማችው። ልጇ ምንም አልሰማችም፤ «እማዬ፣ ብዪ እንጂ» ብቻ አለቻት። አየር ያንኳኳል። ቆጥሮ ማንኳኳት ግን ከየት ይማራል? ከዚያ ቀን ወዲህ ብርነሽ ቧንቧ ባለበት ግድግዳ በኩል መቀመጥ ተወች። ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ናፍቆቷ ያስፈራት ነበር።

ግንቦት ላይ ወንዙ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ፤ የብረት ቧንቧ፣ ሲሚንቶና የግንብ ድንጋይ በመኪና ተራገፈ። ሥራውን የምትመራው መሐንዲስ መጥታ ከመኪናዋ ስትወርድ ብርነሽ አወቀቻት። ጸደንያ ነበረች፤ የምትኩ ልጅ። አባቷ የሞተበትን መስመር እኔ ልጠግነው ብላ ራሷ ጠይቃ ነው የተመደበችው። «እትዬ ብርነሽ» ብላ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «ካርታው ላይ የሌለውን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሚያሳዩኝ።»

ብርነሽ ሁሉንም አሳየቻት፤ የተቀበሩትን፣ አስፋልት የለበሱትን፣ አንድ ጋራዥ ዕቃ የከመረበትን ሳይቀር። ወደ ታችኛው ቫልቭ ግን አልወሰደቻትም። በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው ጭቃውን ሲጠርጉ አገኙት።

ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሥራው ካላለቀ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ሁሉም ይሮጣል። ጸደንያ ከቫልቩ አጠገብ ቆማ ሥራ ታከፋፍላለች።

«እትዬ፣ አሁን በላይኛው መስመር ውሃ እንለቃለን። ኮርሳ ታች ወርዶ የመጨረሻዋን መጋጠሚያ ያስራል። ሁለቱን ባንድ ላይ ካላስኬድን አንደርስም።»

«ይኼስ?» አለች ብርነሽ ወደ ቫልቩ እያየች።

«ዝግ ነው እኮ። ቅጹ ላይ ያለው የእርስዎ ቃል ነው። ዝገት ስለበላው ባንነካው ይሻላል። እርስዎ እዚሁ ሆነው ለኮርሳ ምልክት ይስጡት።»

ኮርሳ ከሰበታ በኩል የሚመላለስ በያጅ ነው፤ ጎልማሳ፣ መንታ ሴት ልጆች ያሉት፣ ጠዋት ጠዋት ፎቷቸውን ለሠራተኛው ሁሉ የሚያሳይ። መሰላሉን ተሸክሞ ሊወርድ ሲል ቆም አለ። «ምልክቱን አንዴ ያሰሙኝ እስቲ፣ እትዬ። እኔ ለዚህ ሥራ አዲስ ነኝ።»

ብርነሽ ቁልፉን አነሳች። ከምትኩ በኋላ ይህን ብረት መትታው አታውቅም። ሦስት ጊዜ መታች። ድምፁ በቧንቧው ውስጥ ወደ ወንዙ ወረደ።

ከታች መልስ መጣ። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት።

ኮርሳ ሳቀ። «ማን ቀደመኝ?» አለና ወደ ታች አየ። የጉድጓዱ አፍ ወለል ብሎ ይታያል። አጠገቡ ሰው የለም፤ መሰላሉም ገና በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ጸደንያ ደብተሯን ከእጇ ጣለች። «በራችንን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ታች ማን አለ?» አለች።

«ማንም» አለ ኮርሳ።

የጸደንያ ስልክ ጮኸ። የላይኛውን ቫልቭ የያዘው ሰውዬ ነው፤ ልልቀቅ ወይ ይላል። ጸደንያ ዓይኗን ከጉድጓዱ ላይ ሳትነቅል ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

ብርነሽ ዝም ብትል ኮርሳ ይወርዳል፤ ውሃውም ይከተለዋል። ብትናገር ይህችን ያቀፈቻትን ልጅ ታጣለች። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ደግነቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስብ ኖራለች።

«እንዳይለቅ በይው» አለች። «ቫልቩ ክፍት ነው።»

«እንዴት ክፍት ይሆናል?»

«ይኼኛው የሚዘጋው በግራ ነው። አባትሽ ያውቅ ነበር፤ እጁ ስለለመደው ለእኔ መንገር አልታሰበውም። እኔ ያን ቀን በቀኝ አዞርኩት። ዝጊልኝ ያለኝን ከፈትኩበት። ጎርፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ጸደንያ ስልኩ ላይ «ቆይ» አለችና ዘጋችው። ኮርሳ መሰላሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ከማዞርዎ በፊት መቱለት?» አለች ጸደንያ።

«መታሁለት።»

«መለሰልዎት?»

«መለሰልኝ።»

«እንግዲያው አምኖዎት ነበር» አለች ጸደንያ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አሁን ይዝጉት።»

ብርነሽ ቁልፉን አስገብታ ወደ ግራ ገፋችው። ያን ቀን ዘግታው ቢሆን ኖሮ ወደ ግራ ንቅንቅ ባላለ ነበር። ዝገቱ ጮኸ፤ ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጸደንያ ከጎኗ ቆማ ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። የብርነሽ እንባ በቁልፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ማንም አላባበላትም።

ከዚያ ኮርሳ አማትቦ ወረደ። ብርነሽ መታች፤ ኮርሳ መለሰ፤ ሦስቱም እኩል፣ ችኮላ ያለበት፣ የሕያው ሰው ምት። ውሃው ተለቀቀ። ቫልቩ ያዘ። ከቀትር በፊት መጋጠሚያው ታስሮ ኮርሳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ፤ ሲወጣ የብርነሽን እጅ ይዞ ሳመው።

ሠራተኛው ለምሳ ሲበተን ጸደንያ ቁልፉን ከብርነሽ ተቀበለች። ቫልቩ ጋ ተንበርክካ ሦስት ጊዜ መታች፤ ጆሮዋን ብረቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ደግማ መታች። ቧንቧው ጸጥ አለ። ከተነሳች በኋላ የጉልበቷን ጭቃ አራገፈች።

«ለእማዬ እርስዎ ይንገሯት» አለች። «እኔ አልነግርልዎትም። ዛሬውኑ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርነሽ ከአርባው ወዲህ ያልረገጠችውን ዳገት ወጥታ ከምትኩ ቆርቆሮ በር ፊት ቆመች። በመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችውን ቃል በሆዷ ልትደግመው ብትል ጠፋባት። እጇን አነሳችና አንኳኳች። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። እጇ ይህን ከየት እንዳመጣው አላወቀችም።

ከውስጥ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ የበቀለች ነጠላ ጫማ ወደ በሩ ሲሮጥ ተሰማት።