ዳንቴል የለበሰ ቡና

«በትርፍ ጊዜህ ምን ታደርጋለህ?» ከሚለው የበለጠ የምጠላው ጥያቄ አልነበረም። ቦንጋ ተመድቤ የባዮሎጂ መምህር ከሆንኩ ወዲህ በመምህራን ክበብ የጠየቀኝ ሁሉ የሰማው መልስ አንድ ነው፤ «አነባለሁ»። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምርም የክፍል ጓደኞቼ ተራ በተራ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ጊታር፣ አንዷ ተራራ መውጣት እያሉ ሲኩራሩ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ማንበብ» አልኩ። ማንበብ ማንም የማይመረምረው ጥሩ መደበቂያ ነው። እውነቱ ግን እኔ ዳንቴል እሠራለሁ።

አዎ፣ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑን የሚያለብሱት፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ የሚያነጥፉት ያ ነጭ የክር ሥራ። ልጅ ሆኜ ደብረ ታቦር እግሬ ተሰብሮ ጀሶ ታስሮልኝ በተኛሁበት ክረምት፣ ለቅሶዬ የሰለቻት እህቴ ኪሮሽና ክር ደረቴ ላይ ጣለችልኝ። ጀሶው ሲፈታ እግሬ ዳነ፤ እጄ ግን ሥራውን አልተወም። ያችን ጫፏ የተቆለመመ መርፌ ስይዝ ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት ጭንቅ ሁሉ ከትከሻዬ ይወርዳል። ችግሩ እኔ ጢም ያለኝ መምህር መሆኔ ነው። ዳንቴል ይሠራል ቢባል ከተማው የሚያወጣልኝን ስም አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በሬን ዘግቼ፣ መጋረጃዬን ስቤ ነበር የምሠራው። የጨረስኩትን አልጋዬ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። ለማን ልስጠው? ብሰጥስ «ማን ሠራው?» ስባል ምን ልበል?

የመመረቂያ ጥናቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ባለው ቡና ላይ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ንብ የጎበኘችው አበባና ንብ ያልደረሰችበት አበባ እኩል ፍሬ ይይዛሉ ወይ? ይህን ለማወቅ እንቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት አንዳንዱን ቅርንጫፍ ንብ በማያስገባ፣ አየርና ብርሃን ግን በማይከለክል መረብ መሸፈን ያስፈልጋል። ቡናው የሚያብበው የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው፤ ጫካው ነጭ ይሆናል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ይረግፋል። ያ ካመለጠ እስከሚቀጥለው ዓመት ቁጭ ነው። የእኔ የትምህርት ፈቃድ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት የሚቆይ አልነበረም።

ዝናቡ ሲጥል ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። ለወባ መከላከያ የታደለኝን አጎበር፣ ጎረቤቶቼም ሳይዘረጉ ያስቀመጡትን ለምኜ፣ ቆራርጬ በከረጢት መልክ ሰፋሁትና ቅርንጫፎቹን አለበስኳቸው። እኛ ዘንድ አጎበር የማይሆነው ነገር የለም፤ ገመድ ይሆናል፣ የጫጩት ቤት ይሆናል፣ መጋረጃ ይሆናል። ለሳይንስም ይሁን አልኩ። በብልሃቴ እየተኩራራሁ ለአማካሪዬ ፎቶ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«መረቡ አጎበር ነው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«መድኃኒት የተነከረው?»

ክው አልኩ። ትንኝ እንዲገድል የተነከረ መረብ ላይ ንብ ስታርፍ ምን እንደምትሆን ለባዮሎጂ መምህር አይነገርም። ጥናቴ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ የቡናው ባለቤት የማር ቀፎዎች እዚያው ከበላያችን ዛፎቹ ላይ ናቸው። በማግስቱ ማለዳ ሄጄ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አወለቅኳቸው። እንቡጡ ነጣ ብሎ የሻማ ጫፍ መስሏል። ባለቤቱ ጋሽ እያልኩ የምጠራቸው አርሶ አደር ናቸው፤ አንዱን እንቡጥ በጣታቸው ዳበስ አደረጉና «መምህር፣ ይሄ እኮ አይቆይም» አሉኝ።

የቦንጋን ሱቆች አዳረስኳቸው። ያልተነከረ መረብ የለም። ቬሎ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ስስ ጨርቁን ከጅማ ላስመጣልህ አለኝ፤ መቼ ይደርሳል ስለው ግን «እንግዲህ ሲመጣ» አለ። ነጠላ እንዳላለብሰው አበባውን ያፍነዋል። ተስፋ ቆርጬ ቤቴ ገባሁና እንደ ልማዴ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩት፤ ሲጨንቀኝ ክር ካልነካሁ አልረጋጋም። ስከፍተው የዓመታት ሥራዬ ነጭ በነጭ ሆኖ ተቆልሏል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ መስኮቱ ላይ ደርቃ የቀረች ንብ አነሳሁና በአንዱ ዳንቴል ቀዳዳ ላሳልፋት ሞከርኩ። አላለፈችም። በሌላው ሞከርኩ። አሁንም አላለፈችም። ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩ።

ደስታዬ ግን ግማሽ ነው። ሻንጣው ውስጥ ያለው ለቅርንጫፎቹ ሁሉ አይበቃም፣ ብቻዬን ሠርቼም አልደርስም። ዳንቴል የሞላበት የማውቀው ቤት ደግሞ አንድ ነው፤ የአከራዬ የእትዬ ሳሎን። እሳቸውን ለመጠየቅ ሻንጣውን ማሳየት አለብኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

እትዬ አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቀሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ቀናቸውን የማይጀምሩ ሴት ናቸው። ግቢ ውስጥ ያሰጡትን በርበሬ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ሻንጣዬን ፊታቸው አስቀምጬ ከፈትኩ።

«ውይ፣ ሲያምር! ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እኔ ማለት?»

«እኔ ራሴ ነኝ፣ እትዬ። በር ዘግቼ የምሠራው እሱን ነው።»

«በበርበሬ እጄማ አልነካውም» ብለው ታጥበው ተመለሱና አንዱን አንስተው ገለበጡት። ዳንቴል የሚያውቅ ሰው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የሚያየው፤ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ፈተሹ። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ዘፍ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

«ተመስገን! ኧረ ተመስገን! እኔ እኮ ጫት የምትቅም መስሎኝ! ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሩ ዝግ፣ መጋረጃው ዝግ፣ ድምፅ የለ። የሰው ልጅ በእኔ ቤት ጠፋ፣ ለእናቱስ ምን እላለሁ እያልኩ ስብሰለሰል! ዳንቴል ነው?»

«ዳንቴል ነው።»

«እፎይ!» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብለው «ጫፉን ግን በጣም ታጠብቀዋለህ፤ ለቀቅ አድርገው» አሉኝ።

ያን ያህል ዘመን የፈራሁት ፍርድ ይኸው ነበር። እኔ እሳቸው እንዳይስቁብኝ ስደበቅ እሳቸው ለካ ለእኔ ሲጨነቁ ኖረዋል። ጉዳዬን ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አላሰቡም። ሳሎን ገብተው ሶፋውን ገፈፉት፣ ጠረጴዛውን ገፈፉት፣ ቴሌቪዥኑን ራቁቱን አስቀሩት። የእሳቸው ሥራ እንደ እኔ ጥብቅ ስላልሆነ ያችው ደረቅ ንብ በቀዳዳው ሾለከች፤ ስለዚህ ድርብ አድርገን እንሰፋው ጀመር። ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ኪሮሻቸውን ይዘው መጡ። አንደኛዋ እጄን አየት እያደረጉ «እኔስ ሴት ልጅ አለችኝ፣ መርፌ አትይዝልኝም» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት ዳንቴል ሠራሁ፤ ምንም አልሆንኩም።

ከረጢቶቹን ተሸክሜ ማንኪራ ስደርስ አንድም እንቡጥ አልፈነዳም ነበር። ጋሽ ቅርንጫፎቻቸው ነጭ ዳንቴል ለብሰው ሲያዩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«መምህር፣ ቡናዬን ልታገባት ነው? ሽማግሌ ሳትልክ?»

«ይስጡኝ እንጂ እልካለሁ» አልኳቸው።

«ሽማግሌዎቹ የሙሽራዋን ስም ጥራ ሲሉህስ ማንን ትጠራለህ?» አሉና ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አሳዩዋቸው። የሳቀው ሳቀ፣ የዳሰሰው ዳሰሰ። እኔ ተቀምጬ መንገድ ላይ የተቀደደውን አንዱን ከረጢት በኪሮሼ ስጠግን ከበው አዩኝ። አንዱ ሰውዬ ክሩ ጠንካራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማለዳ ጫካው ጋ ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ቡናው ፈንድቷል። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ንቦቹ በሽ በሽ ናቸው፤ አንዷ ዳንቴሉ ላይ አረፈች፣ በክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፣ መግቢያ ስታጣ ወዳልተሸፈነው ቅርንጫፍ በረረች። ሌላም መጣች፣ እሷም ሄደች። ከሥር የወደቀች አንዲትም ንብ የለችም። ጋሽ ቀፏቸው ሥር ቆመው ወደ ላይ ሲያዳምጡ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ዓመቱ አላመለጠኝም። የማንም ንብም አልገደልኩም። ግንድ ተደግፌ ቆምኩ።

ከጫካው ወጥቼ ኔትወርክ ያለበት ተዳፋት ላይ ስደርስ አማካሪዬ ደወሉ። አበባው በሰላም መፈንዳቱን ስነግራቸው ተደሰቱ። ከዚያ «መረቡን ጽሑፉ ውስጥ በትክክል መግለጽ አለብህ፤ ከየት አገኘኸው?» አሉ።

እኚህ እንደ እትዬ ወይም እንደ መንደሩ ሰው አይደሉም፤ ጽሑፌን የሚያርሙ፣ ነገ ስለ እኔ የሚመሰክሩ ሰው ናቸው። ከአከራዬ ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ማንም አይመረምረኝም።

«ዳንቴል ነው፣ ዶክተር። በእጅ የተሠራ።»

«ማን ሠራው?»

«አብዛኛውን እኔ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሠራለሁ፤ በጣም ነው የምወደው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«ዶክተር?»

«አለሁ፣ እየጻፍኩ ነው። ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?»

«እለካዋለሁ» አልኳቸው። ስልኩ ሲዘጋ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ተቀመጥኩና እስኪበቃኝ ሳቅሁ።