ደጋ የወጣው ዘንባባ

ቀራንዮ ውስጥ፣ ከሰፈራችን በታች ወንዙ ዳር፣ አንድ ትልቅ ወይራ ነበር። አምና ክረምት ሰፈሩን ልናሳምር ነው ያሉ ሰዎች ቆረጡትና በቦታው ከቆላ በመኪና የመጡ ዘንባባዎች አስተከሉን። የዕድራችን ዳኛ፣ "ልጆቼ፣ ይሄ ሙቀት የለመደ ዛፍ የኛን ውርጭ አይችልም" ቢሉ፣ የሰዎቹ አስተባባሪ "አባባ፣ እርስዎ ደግሞ! ለውበት እኮ ነው" ብሎ ሳቀባቸው። አካፋዬን ተደግፌ እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት ሳያልቅ ዘንባባዎቹ ደርቀው ቀሩ። ደጋና ቆላ የማይለይ ሰው እንዴት ዛፍ አትትከል አይባልም? ጭራሽ ዘንድሮ ያው ሰውዬ ሌላ ዘንባባ ጭኖ መጣ! ከወይራው ጉቶ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ቀንበጥ አቆጥቁጦ ነበር። ሰውዬው አካፋ አቀበለኝና ወደ ቀንበጡ እየጠቆመ፣ "መጀመሪያ ያንን አረም ንቀልልኝ" አለኝ።