ጋሽ መኮንንን «አንተ» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከኬኔሶ ከተማ ስመለስ ሃይዌዩ ላይ ዝናቡ መንገዱን ጋረደብኝ። ወጣ ብዬ አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አደረግኩና ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ዕድሜዬ ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው፤ መብረቅ ሲጮህ ግን ዛሬም ልቤ ወደ አንዲት ደሴት ይሄዳል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሂሩትን ላገባ እፈልግ ነበር። አባቷ ጋሽ መኮንን በስደት በምንኖርባት በዲኬተር ከተማ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ጊዜያቸው ሁሉ የጎልፍ ነው። «ጎልፍ ትጫወታለህ?» ሲሉኝ «እንዴታ!» አልኩ። ዱላውን እንኳ ነክቼ አላውቅም። በሐምሌ ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ አንዲት የካሪቢያን ደሴት ሲሄድ እኔንም ጋበዙኝ።

የጎልፍ ሜዳው ከባሕሩ ጋር የተያያዘ ነበር። ሙቀቱ ሸሚዝን ከጀርባ ያጣብቃል፤ ከመንገዱ ማዶ የሚጠበስ ዓሣና የበሰለ ማንጎ ይሸታል። የመጀመሪያዋን ኳስ ባሕር ውስጥ ከተትኳት። ሁለተኛዋንም። ጋሽ መኮንን ሌላ ኳስ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ የመብረቅ ማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ተነፋ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ወደ መጠለያው ሮጡ።

«ጋሼ፣ እንሂድ።»

«ይቺን ብቻ ልምታ።»

«እባክዎ!»

«ደግሞ አንተ ጎልፍ ልታስተምረኝ ነው?»

ዱላውን ሽቅብ ሲያነሱ ሜዳው ዳር ባለ የኮኮናት ዛፍ ላይ መብረቅ ወረደ። ግንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጆሮዬ ጭው አለ። ጋሽ መኮንን ሣሩ ላይ ተንበርክከው፣ ያን የብረት ዱላ እንደጨበጡ ፈዘዋል።

«ጣለው!» ብዬ ጮህኩ። «ጣለው አልኩህ! ተነስ!»

ዱላውን ከእጃቸው ነጥቄ ወረወርኩት፤ ክንዳቸውን ይዤ እየጎተትኩ መጠለያው አደረስኳቸው። እስክንደርስ ዝናቡ አረጠበን።

«አንተ አልከኝ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ጎልፍም አትችልም።»

«አልችልም። ዋሽቻለሁ።»

የራሰ እጅጌያቸውን ጨመቁ። «ውሸቱን ለሂሩት ራስህ ትነግራታለህ። ‹አንተ› ማለትህን ግን እኔ ለማንም አልናገርም።»

ነገርኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በዓመቱ ተጋባን።

ጋሽ መኮንን ካረፉ ዘንድሮ ስድስት ዓመታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ እንግዳ ሲመጣ «ይኼ ልጅ ደፋር ነው» ይሉ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አይናገሩም። ዛሬ ሳስበው ድፍረት አልነበረም። ከመብረቁ ይበልጥ የፈራሁት ብቻዬን ሆቴል ተመልሼ ለሂሩት «አባትሽ...» ብዬ የምጀምረውን ወሬ ነው። ይህን ሳልነግራቸው ሄዱ።