የጃፓኑ ዳኛና የወንድሜ ጋቢ

ጣሊያን ሲገባ የአዲስ አበባው ተማሪ ቤት ተዘጋና ወንድሜ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። ከጓዙ ሁሉ እኔን ደስ ያለኝ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነበር። ገብሱ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተን ዝንጀሮ ስንጠብቅ፣ መጽሐፉን እያየ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያወራልኛል።

ታሪኩ የጥንት ጃፓን ነው። የሙታን መንፈስ የሚታየው አንድ ዳኛ አለ። አንዲት የተገደለች ሴት ወንዝ ዳር ጠጉሯን ስታጥብ ትታየዋለች፤ ማን እንደገደላት ግን አትናገርም። እኔ ዛር ናት ስለው ወንድሜ ይስቃል። ዳኛውንም ደብተራ አድርጌ ነበር የማስበው፣ ጥምጥም ሁሉ አስሬለት።

"ሙት አይናገርም፣ እታለም፤ ልብሱ ግን ይናገራል" ይላል ዳኛው። እታለም የምትለዋን እንኳ ለእኔ ብሎ የጨመራት ወንድሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔም ዳኛ ሆንሁ። የጎረቤታችንን ዶሮ ማን እንደበላት ከላባዋ ተነሥቼ ደረስሁበት፤ የራሳችን ድመት ሆና ተገኘች። ወንድሜ ማማው እስኪወዛወዝ ሳቀ።

አንድ ቀን ከማማው ሥር እሸት ስንጠብስ ፍም ተፈናጥሮ የወንድሜን ጋቢ ጫፍ በሳው። ነጭ ክር ባጣ በቀይ ጠቀምሁለት። ሙሽራ አስመሰልሽኝ ብሎ ቀለደብኝ።

የታሪኩ ገዳይ ገና ሳይታወቅ ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ወደ እብናት ወረደ። ቀሪውን ስመለስ ብሎ መጽሐፉን ትቶልኝ ሄደ። ፈረንሳይኛ ማን ያንብበው?

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ አዛውንት ከእብናት ጋቢ ይዘው መጡ። ልጁ ወድቋል፣ እዚያው ቀብረነዋል አሉ። እናቴ አላመነችም። ጋቢ ሁሉ አንድ ነው፣ የሌላ እናት ልጅ ይሆናል እያለች ተከራከረቻቸው። የንስሐ አባታችንም ሳይረጋገጥ ፍትሐት አይደረግም ብለው ተቀመጡ። ለቀስተኛው ደጅ ቆሟል። በአገራችን ሬሳ በሩቅ ሲቀር የሚለቀሰው በልብሱ ነው፤ ልብሱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን በምን ይለቀሳል?

ጋቢውን እንደ ዳኛው ተቀብዬ ጫፍ ጫፉን ዳሰስሁት። ክሩን ከዓይኔ በፊት ጣቴ አገኘው።

እናቴ ፊቴን አየችው። "የሱ አይደለም በይኝ፣ ልጄ።"

"የሱ ነው፣ እምዬ።"

ከእጄ ወሰደችና አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ የተኛ ሰው እንደምታለብስ አድርጋ። ያን ጊዜ ደጅ ያሉት ዋይታውን ለቀቁት።

መጽሐፉ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ወንድሜ ማማው ላይ ባስተማረኝ ፊደል መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ እጄ አልታክት ብሏል፤ ፍጻሜውን ራሴ ልጽፈው ተቀምጫለሁ። የሴትዮዋን ገዳይ አግኝቼዋለሁ። ዳኛው እውነቱን ያገኘ ለታ እሱ ራሱ ምን እንደሆነ ብቻ ወንድሜ አልነገረኝም።