ለላም የሚሆን ዱቄት

ፍላቂት ከተማ መውጫ ላይ ፈታሾች ሚኒባሱን አስቁመው ቦርሳዬን ሲፈትሹ ሁለት ኪሎ ነጭ ዱቄት አገኙ።

«ምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«የላም ማዕድን ነው። ፎስፈረስ አለው።» ማንም ሳይጠይቀኝ «ክብሪት ላይ ያለው ዓይነት» ብዬ ጨመርኩ። የእንስሳት ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የተማርኩትን መናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ያስገቡኝ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ጥግ ላይ ኬሻ አንጥፈው የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ከላሊበላ በላይ ባለ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ለምን እንደታሰርኩ ስነግራቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ዱቄቱ ምን አደረገ? ክብሪቱስ አፍህ ነው።»

ከዚያ ስለ ላሟ ጠየቁኝ። የእናቴ ላም ከወለደች ወዲህ ወተቷ ቀንሷል፤ እግሯ ተሳስሯል፤ ሜዳ ላይ ያገኘችውን አጥንት ታኝካለች። መንደሩ «ጨው አምሯት ነው» እያለ አሞሌ ያስልሳታል። የጎደላት ግን ፎስፈረስ ነበር። ዱቄቱን ብትወስድ አጥንት መፈለጓን ትተዋለች። ካልወሰደች አንድ ቀን የበሰበሰ ጥንብ ላይ ትደርስና መርዙ ይገድላታል።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። «ለፈንጂ መሥሪያ የሚሆን ዱቄት ይዤ ተገኝቻለሁ» ይላል።

«ፈርምና ዱቄትህን ይዘህ ሂድ። ማታ እናትህ ቤት ነህ።»

ፈንጂ ከሆነ እንዴት ይመልሱልኛል ብዬ አሰብኩ። እስከ ምሳ ላስብበት አልኩት።

ልፈርም እንደሆነ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። እሳቸው ሊፈቱ ጥቂት ሰዓት ቀርቷቸው ነበር።

«ያንን ወረቀት ነገ ማን እንደሚያነበው ታውቃለህ፣ ልጄ? ላሟ ሌላ መድኃኒት የላትም?»

«አጥንት ነጭ እስኪሆን አቃጥሎ መውቀጥ። ከጨው ጋር ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ። እስከዚያው ላሟ ታስራ ትዋል።»

«አጥንቱ የማን እርድ ነው? የእኛ ካልሆነ እናትህ ወተቱን እንዴት ትቀምሳለች?»

«ተቃጥሎ አመድ ሆኖም፣ መሪጌታ?»

«እሱስ... አመድ እርድ የለውም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪ እንደሚያስጠኑ እየተወዛወዙ፣ ለእናቴ የሚያደርሱትን ቃል ሦስት ጊዜ ደገሙት። «ሁለት እፍኝ» ሲሉ አረምኳቸው።

«እኔን ደግሞ አራሚ መጣብኝ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ከምሳ በኋላ ስጠራ፣ ለፊርማ በተተወው ቦታ «ይህ ለላም ነው» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው። ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

መሪጌታ የመሳፈሪያ ገንዘባቸው ተወስዶባቸው ስለነበር እናቴ ጋ በእግራቸው የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ላሟ ደግሞ በዋዜማው ገደል ሥር የሞተ አህያ አጥንት ስትግጥ ተገኝታለች። እናቴ ግን የተባለችውን ሁሉ አደረገች፤ አቃጠለች፣ ወቀጠች፣ በእፍኟ ለካች። ወደ ላሟ አፍ ስታቀርበው ግን መርዙ ቀድሟት ነበር፤ የላሟ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ መዋጥ አልቻለችም።

እናቴ አንድም ቀን «ብትፈርም ኖሮ» ብላኝ አታውቅም። ዛሬም ያ ወረቀት ቢቀርብልኝ አልፈርምም። ይህን ግን ለእሷ ለመናገር እስካሁን አልደፈርኩም።