ለእህቴ የሰቀልነው ቋንጣ

ከእንጦጦ ቁስቋም ቁልቁል ስወርድ አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታቃጥላለች። ይህ ጭስ የሌላውን ሰው አፍንጫ ይከፍታል፤ እኔን ግን ወደ እማዬ ማድቤት ይመልሰኛል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት፣ እማዬ ለስንቅ ብላ ሥጋ ዘለዘለች። በጨውና በበርበሬ አሽታ ማድቤት ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

«በወይራ ብቻ አጭሺው፤ ከአጠገቡ እንዳትነሺ» ብላኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ወይራው ቶሎ አልጨስ ቢለኝ፣ ከደጅ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸምጥጬ ፍሙ ላይ ደፋሁበት። ማድቤቱ በጭስ ሲሞላ እኔ ሱዚ ልዘል ወጣሁ።

እማዬ ተመልሳ አንድ ቁራጭ ቀመሰችና ተፋችው።

«ይሄ የጉንፋን መታጠኛ ነው እንጂ ስንቅ ነው?»

ሌላ ሥጋ የምንገዛበት አልነበረንም። እህቴ ግን «ተይው እማዬ፣ እንጦጦ እንጦጦ ይሸተኛል» ብላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከወር በኋላ ከቤይሩት ወደ ጎረቤት ቤት ስልክ ስትደውል እማዬ ገበያ ስለነበረች እኔ አናገርኳት።

«ማዳም ገማኝ ብላ ቋንጣውን ጣለችብኝ። ለእማዬ ግን ‹ልጅሽ ጣፍጧት በልታ ጨረሰችው› በያት» አለችኝ።

እማዬን ደስ የሚላት መስሎኝ እንደዚያው ነገርኳት። ያን መራራ ቀምሳ የተፋችው እማዬ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አሁን እማዬ ካረፈች ቆየች፤ የቅጠሉ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ግን ድምጿ ይመጣብኛል።

«ያንን በልታ ጨረሰች? ልጄን አስርበውብኛል!»