ነጠላዬን ያለበስኳት ለት

የክረምት እሁድ ጠዋት የነቀምቴ ጉም ሰውን ከወገቡ በታች ይውጠዋል። ከቅዳሴ ስመለስ እንቅልፌ ገና አልለቀቀኝም ነበር። የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ዛሬም ሳስታውሰው ያለምኩት ነው የሚመስለኝ።

ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር አረቄ ሻጯ ጎረቤቴ ወድቃለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ አገሩ ወግ አዴ ነው የምላት። ባጃጅ ገጭቷት ሄዷል። ጭኗ ይደማል፣ የጠጣችው አረቄ ከሩቅ ይሸታል። ሰው ከጉሙ ውስጥ እየወጣ ከበባት፤ ጎንበስ የሚል ግን ጠፋ።

«ሰክራ ነው፤ ራሷ ናት የገባችበት።»

«ተዋት፣ የእጇን ነው ያገኘችው።»

አቤት ንዴቴ! ሴትዮዋ ደሟ እየፈሰሰ እነሱ ቆመው ይፈርዳሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነጠላዬን አውልቄ አለበስኳት። ወዲያው ከጉቴ የሚመጣ ሚኒባስ ቆመና አንዲት ሴት ወረደች።

«ውይ በሞትኩት! ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው?»

«አዎ፣ ከቅዳሴ» አልኩ፤ ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

«አረቄውስ ምንድነው?»

«ቁስሉ እንዳያመረቅዝ እኔ ነኝ ያፈሰስኩበት።»

ከዚያማ ማን ይቅደም! ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተሸከማት። ሆስፒታል ደም ያስፈልጋል ሲባል ያቺ ሴትና አብራት የተሳፈረችው እህቷ ክንዳቸውን ዘረጉ። አዴ ተረፈች።

ከቀናት በኋላ ሁለቱ ሙዝ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። «ማርያም ናት ያወጣችሽ፣ ከደጇ ስትመለሺ» እያሉ ግንባሯን ሳሟት። አዴ እኔን እኔን ታያለች። እስኪወጡ ጠበቀችና፣

«እውነቱን ብትነግሪያቸው ያነሱኝ ነበር?» አለችኝ።

ካመጡላት ሙዝ አንዷን አቀበልኳት።

«አንቺ ግን ማንነቴን እያወቅሽ መጣሽልኝ።»

አላስቻለኝም፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነበርኩ። ደሙን አላየሁም፤ «ዛሬም ጠጥታ ተጋድማለች» ብዬ መንገዱን ተሻግሬ አለፍኩ። የተመለስኩት ስታቃስት ሰምቼ ነው።

አዴ ሙዟን እየላጠች ትንሽ ፈገግ አለች።

«አይቼሻለሁ እኮ» አለችኝ። «ጮክ ብዬ ያቃሰትኩት ለምን መሰለሽ?»